«ዌን ሳይራ?» የዕረፍት ቀን ያለ አውቶቡስ

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዟ የማረፍ መብት አላት። ይህ በኢሞ የሚዞር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 9 በግልጽ ጽፎታል። በዚያ ቀን ሥራ ካስፈለገ ወይ በምትኩ ሌላ ቀን፣ ወይ የቀኑ ክፍያ ይሰጣታል። በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጡ እንዲሆኑ ያዛል። ሥራዬ ትርጉም ነውና ሕጉን በአረብኛው አንብቤዋለሁ፤ ጥርት ያለ አረብኛ ነው። ነገር ግን በየትኛውም አንቀጽ የማላገኘው አንድ ነገር አለ። የዕረፍት ቀኗ የደረሰላት ሴት ከግቢው በር ከወጣች በኋላ በምን ትሄዳለች?

ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ከደመወዝ ቀጥሎ ያለ ጥያቄ ነው። የምትሄድበት መኪና የሌላት ሴት የዕረፍት ቀኗን የምታሳልፈው በዚያው በምትሠራበት ቤት፣ በዚያችው ክፍል ነው። እዚያ ተቀምጣ ደግሞ «አንዴ ይህችን ብቻ» የሚላት አታጣም። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አንድ ሕፃን መያዝ፣ እንግዳ መጥቶ ቡና። ማታ ላይ ስትቆጥረው ቀኑ አልቋል፤ ማዳምም በቅን ልቧ «ዛሬ አርፈሻል» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ማረፍና መውጣት አንድ ነገር ሆነው የሚገናኙት አውቶቡስ ያለበት ሰፈር ነው።

ሻርጃን ልውሰድ። ሻርጃ የራሷ ገዢና የራሷ አስተዳደር ያላት ኤምሬት ብትሆንም ለብዙ ሺህ ሰው የዱባይ ማደሪያ ናት። የቤት ኪራዩ ስለሚቀንስ ሰው እዚህ ያድራል፣ እዚያ ይሠራል። ጠዋት በኢቲሃድ መንገድ ወደ ዱባይ የሚጎርፈውን መኪና፣ ማታ ደግሞ የሚመለሰውን ያየ ሰው የሁለቱን ከተሞች ግንኙነት ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ሻርጃ ሜትሮ የላትም። የዱባይ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ቢጀምርም ድንበሩን አልተሻገረም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአውቶቡስ ትከሻ ላይ ነው።

የአውቶቡሶቹ ልብ ደግሞ ጁበይል ጣቢያ ነው፤ ከዓሣና አትክልት ገበያው አጠገብ፣ ከሮላ ብዙም ሳይርቅ። ወደ ዱባይ መሄድ የፈለገች ሴት እዚያ ከደረሰች ችግሯ አለቀ ማለት ይቻላል። ኢ303 ወደ ዩኒየን ይወስዳታል፤ ዩኒየን የሜትሮው ቀይና አረንጓዴ መስመር የሚገናኙበት ነው፣ ከዚያ ወዴትም ትሄዳለች። ኢ306 ወደ ጉበይባ፣ ኢ307 ወደ ደይራ ሲቲ ሴንተር ይሄዳሉ። በሜይ 2025 ደግሞ ኢ308 ተጨምሮ ጁበይልን ከስታዲየም ጣቢያ ጋር አገናኝቷል። ዋጋው ለአንድ ጉዞ 12 ድርሃም ነው። አውቶቡሶቹ ንጹሕና ቀዝቃዛ ናቸው፤ የፊት ወንበሮቹም ለሴቶችና ለሕፃናት የተለዩ ናቸው። ስለዚህ የአገልግሎቱን ጥራት ማማት አልፈልግም። ለእኛ አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ከጁበይል በፊት ነው።

አብዛኞቻችሁ ሮላ አጠገብ አትኖሩም። የቤት ሠራተኛ የምትኖረው ቪላ ባለበት ነው፤ ቪላ ያለው ደግሞ ከከተማው ዳር፣ በራህማኒያ፣ በሲዩህና በመሳሰሉት ሰፈሮች ነው። እነዚህ ሰፈሮች የተሠሩት እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት መኪና እንዳለው ተቆጥሮ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ረጅም ነው፣ የእግረኛ መንገዱ ግን አንዳንዱ ጋ አለ፣ አንዳንዱ ጋ አሸዋ ነው። በነሐሴ ሙቀት ከቤት እስከ ፌርማታ መሄድ ብቻውን የቀን ሥራ ይሆናል። ዱባይ ውስጥ በር ያላቸው፣ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ፌርማታዎች አሉ። በቪላ ሰፈር ግን አንድ ምሰሶና አንድ ምልክት አይቶ፣ የግድግዳ ጥላ ፈልጎ መቆም ነው።

የትራንስፖርት ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ካርታ ማንበብ እችላለሁ። የአውቶቡስ መስመር የሚሰመረው ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄድበት ነው። ጠዋት ወደ ቢሮ፣ ማታ ወደ ቤት። የእኛ እህቶች ጉዞ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በሳምንት አንዴ፣ ረፋድ ላይ፣ ከዳር ወደ መሃል ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቀኑም አንድ አይደለም። ሻርጃ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኛ ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን ታሳርፋለች። ቤተሰቡ የሚያርፍበት ቀን ግን ለቤት ሠራተኛ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው፤ አያት ይመጣል፣ የልጅ ልጅ ይሰበሰባል፣ ትልቁ ድስት ይወጣል። ስለዚህ አንዷ ማክሰኞ ታርፋለች፣ ሌላዋ ሐሙስ። በዚህ መልክ የተበታተነን ተሳፋሪ ማንም እቅድ አውጪ እንደ ተሳፋሪ አይቆጥረውም። ሰው ስለሌለ አውቶቡስ አይጨመርም፤ አውቶቡስ ስለሌለ ሰው አይወጣም።

ወደ ካርዱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ የሙያዬን ወሬ ታገሡኝ። የዱባይ ካርድ «ኖል» ይባላል። በአረብኛ የመጓጓዣ ክፍያ ማለት ነው። የአጅማን ካርድ «መሳር» ነው፣ መንገድ፣ መስመር። አቡ ዳቢ «ሓፊላት» አለችው፣ አውቶቡሶች። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሻርጃው ነው፤ «ሳየር»። በዚህ አገር ሰው የዕለት ንግግር ሳየር ማለት የሚሄድ፣ ሄያጅ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን ሳይራ ይሆናል። አሁን አስታወሳችሁት? ነጠላችሁን አድርጋችሁ ወደ በሩ ስትጠጉ ከሳሎን የሚመጣው ድምፅ፤ «ዌን ሳይራ?» የት ልትሄጂ ነው? እሱው ቃል ነው። ቃሉ በካርዱ ላይ ሲጻፍ መብት ይመስላል፣ ከሳሎን ሲመጣ ደግሞ ጥያቄ ይሆናል። ይህንን ለማዳሞች ክፋት አልቆጥረውም። አብሯት የምትኖር ሰው ስትወጣ የት እንደምትሄድ መጠየቅ በእኛም አገር ያለ ነው። ልዩነቱ መልሱ ላይ ነው። «በ303 ደይራ ደርሼ ማታ እመለሳለሁ» የምትል ሴትና «እንጃ፣ ጓደኛዬ ትመጣለች» የምትል ሴት እኩል አይታመኑም።

ሦስት ጎረቤት ከተሞች ሦስት ካርድ አላቸው። ከአጅማን ተነስታ በሻርጃ አልፋ ዱባይ የምትሄድ ሴት አንድ መንገድ ነው የምታውቀው፤ ቦርሳዋ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ ቦርሳ በካርድ ይሞላል። ዱባይ ውስጥ ሳይከፍሉ መሳፈር 200 ድርሃም ያስቀጣል። ቅጣቱ «አላወቅሁም» የሚል ቋንቋ አይሰማም። ስትገቡ ካርዱን እንደምታስነኩት ሁሉ ስትወርዱም አስነኩ፤ የረሳ ሰው ረጅሙን ጉዞ እንደሄደ ተቆጥሮ ይከፍላል።

ገንዘቡን እንቁጠረው። ደመወዟ 1000 ድርሃም የሆነች ሴት እናስብ። ከጁበይል ዱባይ ደርሶ መልስ 24 ድርሃም ነው፤ በወር አራት ጊዜ 96 ድርሃም። ከቤቷ እስከ ጁበይል ያለውን፣ ዱባይ ውስጥ የምትሳፈርበትን ሜትሮ፣ የምትበላውን ምሳ ሳንጨምር የደመወዟ አንድ አሥረኛ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ይህችው ሴት በየወሩ ለእናቷ ትልካለች፣ የወንድሟን ትምህርት ትከፍላለች። ስለዚህ «ምን ሊያደርግልኝ ነው የምወጣው?» ብላ ትቀራለች። ቁጠባ ይመስላል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ከሰው ጋር አማርኛ ተናግራ የማታውቅ፣ ቆንስላው የት እንዳለ የማታውቅ፣ ብትታመም የትኛው በር እንደሚንኳኳ የማታውቅ ሴት ሆና ትገኛለች። ቆንስላችን ዱባይ ነው፣ ኤምባሲያችን አቡ ዳቢ ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ዱባይ ደይራ ውስጥ ናቸው። ሻርጃ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት ያርሙክ ሰፈር ነው። አንዳቸውም በቪላው አጥር ሥር የሉም።

«ሾፌሩ ያደርስሻል» የሚል መልስ አለ። ደግ መልስ ነው፤ ለሚያደርሷችሁ ቤተሰቦች ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ሾፌር የሚያደርሰው የሚያውቁትና የተፈቀደው ቦታ ነው፣ የሚመልሰውም ለሌላ ሥራ በሚመቸው ሰዓት ነው። የሕፃኑ ትምህርት ቤት ሰዓት ከደረሰ አንቺ ትቆያለሽ። ከአንድ ሰው ጋር ለመመካከር፣ ሐኪም ዘንድ በራስሽ ጉዳይ ለመግባት የምትፈልጊበት ቀን አለ። ያንን በቤቱ መኪና ሆኖ ማድረግ ይከብዳል።

ሌላው «ካር ሊፍት» የሚባለው የሰው መኪና ነው። አምስት ስድስት ሴቶች ተሰብስበው ለአንድ ወንድ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ እሱ ከየበሩ ያነሳቸዋል። ለምን እንደሚመረጥ ይገባኛል፤ በር ድረስ ይመጣል፣ አማርኛ ይናገራል፣ በፀሐይ አያቆማችሁም። ግን ፈቃድ ሳይኖር ሰው በገንዘብ ማጓጓዝ እዚህ ሕገ ወጥ ነው። መኪናው ቢጋጭ፣ ሰውየው ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ ቢል ወዴት ይጮኻል? የምትሳፈሩበትን ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምታውቁት። አውቶቡሱ ቁጥር አለው፣ ካሜራ አለው፣ መንገዱም የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ሐሳቤ የጸና ነው፤ ሁለት ሰዓት ጠብቆም ቢሆን አውቶቡሱ ይሻላል።

አውቶቡሱን መፍራት ግን እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። እኛ በድምፅ ነው የምንሳፈረው። ሜክሲኮም መገናኛም ብትሄዱ ወያላው ይጣራል፤ «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!» ያልገባው ይጠይቃል፣ ያልጠየቀውን ጎረቤቱ ይነግረዋል። የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥርም ቢሆን ከሰፈር ሰው ተጠይቆ የሚታወቅ ነበር። ከገጠር በቀጥታ ወደ ኤርፖርት የመጣች ልጅ ደግሞ የመጀመሪያዋ የከተማ አውቶቡስ የሻርጃው ነው። እዚህ ማንም አይጣራም። አውቶቡሱ ዝም ብሎ ይመጣል፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ ያላነሳ እጅ አይታየውም፣ ይሄዳል። ሾፌሩን ልጠይቅ ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፓኪስታን ወይም ከህንድ የመጣ ሰው ነው፤ የእሱ ቋንቋ ኡርዱ ወይም ማላያላም ነው። የአረብኛ ዲግሪዬ ፍርድ ቤት ውስጥ ይጠቅመኛል፣ አውቶቡስ ላይ ግን ከእናንተ የማልሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያ የሚሠራው ቋንቋ ቁጥርና የቦታ ስም ነው። «ጁበይል?» ትያለሽ፣ ራሱን ይነቀንቃል ወይም ያወዛውዛል። (የህንድ ሰው ራሱን ወደ ጎንና ጎን ሲያወዛውዝ አዎ ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ይወስዳል።)

ስለዚህ አንዷ የምታውቅ ሌላዋን ትውሰድ። ከመንደራችን የመጣችውን ልጅ ኢንዶሚ ከመላክ አንድ ጊዜ አብሮ ተሳፍሮ ጁበይል ማድረስ ይበልጥባታል። የፌርማታውን ምሰሶ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቁጥሩም ስሙም እዚያ አለ፣ መመለሻውም በዚያው ፎቶ ይገኛል።

መፍትሔው ከእኛ ብቻ አይመጣም። ጎረቤት አገሮች ያደረጉትን እንይ። ዶሃ ሜትሮዋን በ2019 ስትከፍት ከጣቢያዎቹ ዙሪያ ካሉ ሰፈሮች ሰው የሚያመጡ «ሜትሮሊንክ» የሚባሉ አውቶቡሶችን በነፃ አደረገች። ካርድ ማስነካት ብቻ ነው። ሪያድ በማርች 2023 የከተማ አውቶቡስ ስትጀምር አንድ ቲኬት 4 ሪያል፣ የሚሠራውም ለሁለት ሰዓት ሆነ፤ በዲሴምበር 2024 ሜትሮው ሲከፈት ያው ቲኬት ለሁለቱም አገለገለ። እነዚህ ለቤት ሠራተኛ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፣ ግን ለቤት ሠራተኛ ይጠቅማሉ። ሻርጃ፣ ዱባይና አጅማንም በአንድ ካርድ የሚያስኬድ ስምምነት ቢያደርጉ፣ ከቪላ ሰፈሮቹም ወደ ጁበይል በዕረፍት ቀናት ረፋድና ምሽት ላይ ትንንሽ አውቶቡስ ቢያሰማሩ ገንዘብ የሚያጠፉ አይመስለኝም። አውቶቡሱ ውስጥ ማን እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ፤ ባዶውን አይሄድም።

ከአሠሪዎች በኩል ያለውንም ፍርሃት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። «አውቶቡስ ካወቀች ትጠፋለች» ይባላል። ለኤጀንሲ ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል፤ ሠራተኛዋ በሁለት ሳምንቷ ብትሄድ ቤቱ ይናጋል። ለዚህ ሕጉ መልስ አለው፣ ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አለ፣ ኤጀንሲውም ለሁለት ዓመት ኃላፊነት አለበት። ከዚህ ውጭ ግን ነገሩን በተራ አእምሮ እንየው። መጥፋት የቆረጠች ሴት የአውቶቡስ ቁጥር አትጠብቅም፤ በር ላይ የቆመ የማታውቀው ሰው መኪና ይበቃታል፣ ያም ነው የብዙዎቹን «ካሊ ወሊ» ኑሮ የጀመረው። በአውቶቡስ የወጣች ሴት የመመለሻ ቁጥርም ይዛለች። ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋባት ሴትና ማክሰኞ ረፋድ ደይራ እንጀራ በልታ፣ እናቷን በሰላም አነጋግራ የመጣች ሴት፣ ረቡዕ ጠዋት ሕፃኑን የሚያነሱበት እጅ አንድ አይሆንም። ይህንን የሚያውቁ ማዳሞች አሉ፤ ኖል ካርድ ገዝተው፣ 50 ድርሃም ሞልተው «ይህ ያንቺ ነው» ያሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ውል ስትፈርሙ ጠይቁ። ደመወዝና ማደሪያ ይጠየቃል፤ የዕረፍት ቀኑ የትኛው እንደሆነና የመጓጓዣውን ማን እንደሚሸፍን ግን የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። ከተጀመረ በኋላ ከመለመን በፊት መነጋገር ይቀላል።

ለመነጋገሩ የምትሉትን ልስጣችሁ። «ባሩሕ ቢልባስ፣ ወባርጃዕ አስሳዓ ሰማንያ።» በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ በስምንት ሰዓት እመለሳለሁ ማለት ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሰማንያ እዚህ 80 አይደለም፣ ስምንት ነው። ያ ስምንት ደግሞ የእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አይደለም፤ የእነሱ የማታ ስምንት የእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ማዳም በሁለት ሰዓት ነይ ካለች እሷ የምታስበው ከሰዓት በኋላ፣ ለእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሆነውን ነው። ስለዚህ በቃል ከመተማመን የስልኩን ሰዓት ከፍታችሁ፣ የምትመለሱበትን ቁጥር በጣት አሳዩአት።